ይሄ ተራራ የት ነው?

ኅዳር 14

ዛሬም አባዬ አሸነፈኝ። ሁለት ሰዎች ሣር በሸፈነው ኮረብታ ላይ ይደባደባሉ፤ አንደኛው ነጭ ጢም ተለጥፎለታል። እኔ «ታይዋን» አልኩ። አባዬ ፊልሙን አስቆመኝና በከዘራው ጫፍ ቴሌቪዥኑን እየነካ፣ «ይሄን እንደ ፈረስ ጭራ የሚወዛወዝ ነጭ ሣር እዪው። ከኋላው ደግሞ ባሕር አለ። ሆንግ ኮንግ ነው» አለ። ባሕሩ ለእኔ ሰማይ ነበር የመሰለኝ። ምስሉን ቴሌግራም ላይ ስለጥፈው ሦስት ሰዎች እሱ ያለውን አሉ።

የቴሌግራሙን ቡድን ያገኘሁት በክረምቱ ነው። ከየአገሩ የተሰባሰቡ ሰዎች ከድሮ የኩንግ ፉ ፊልሞች ምስል እየቆረጡ ይለጥፋሉ፤ ተራራውን፣ ዛፉን፣ የቤቱን ጣሪያ አይተው የት እንደተቀረጸ ይገምታሉ። ጨዋታው ይኸው ነው። አባዬ ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት፣ የልብ መድኃኒትም ጀምሮ ቤት ከዋለ ወዲህ ከዚህ የተሻለ ማጫወቻ አላገኘሁለትም። ድሮ እዚሁ ቦንጋ ቪዲዮ ቤት ነበረው። አግዳሚው ላይ ተጨናንቀው የሚያዩት ልጆች ሁሉንም «ቻይና» ነበር የሚሉት። «ቻይና የቱ ጋ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው አጥቼ ኖርኩ» ይላል።

ኅዳር 20

ፎቶ ቤት ቆሜ ዋልኩ። የፓስፖርት ፎቶ ብቻ። ቦንጋ ውስጥ ፓስፖርት የማያወጣ ወጣት የቀረ አይመስልም። ቀና በል፣ ጆሮህ ይታይ፣ አትሳቅ።

ግን አንድ ነገር አገኘሁ! ከሥራ በኋላ ባየነው ፊልም ውስጥ ጀግናው «ጫካ» ውስጥ ሲቆም ጥላው ሁለት ነው። ፀሐይ ደግሞ አንድ ናት። እኔ ደንበኛ በሁለት መብራት ሳነሳ እንደሚሆነው ማለት ነው። ጫካው ስቱዲዮ ውስጥ ነው! አስጠግቼ ሳየው ሰማዩ ላይ የጨርቅ እጥፋት አለ፤ ልክ እኛ ፎቶ ቤት የተሰቀለው የፏፏቴ መጋረጃ ላይ እንዳለው። አባዬ እስኪያስለው ሳቀ። «ስንት ዓመት በመጋረጃ ሲያታልሉኝ ኖሩ!»

ኅዳር 24

ሰብሃት ደወለ። ታናሽ ወንድሜ ከነሐሴ ጀምሮ ባንኮክ ነው። የኮምፒውተር ሥራ፤ ደንበኛ ማስተናገድ ነው ይላል። በቪዲዮ ነበር የደወለው። ከስቷል። «ምግቡ አልተስማማኝም» አለ። አባዬ ስለ ከተማው ሲጠይቀው፣ «ትልቅ ነው። ሕንጻ ብቻ» አለና ዞር ብሎ ወደ ጎን አየ። መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ ጎን የማየት ልማድ አምጥቷል። ከሰው ጋር ነው የሚኖረው፤ ቤቱ ጠባብ ይሆናል።

ቢሻውም እኛ ጋ ነበር። የሰብሃት የልጅነት ጓደኛ ነው፤ አሁን ዋጫ ከተማ ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ ቅዳሜና እሁድ ሲሆን ይመጣና አብሮን ይገምታል። ስልኩ ሲጮኽ «ውሃ ልጠጣ» ብሎ ወጣ። ንግግሩ እስኪያልቅም አልተመለሰ። ውሃው ያለው እኮ ሳሎኑ ውስጥ ነው።

ታኅሣሥ 2

ኮሪያ! ሁለት ቀን የተከራከርንበት በረዷማ ገዳም ኮሪያ ነው። ፍንጩን ያገኘው ቢሻው ነው። የጣሪያውን ክፈፍ ከሥሩ አየው፤ አረንጓዴና ቀይ ቀለም በአበባ መልክ ተቀብቷል፤ የቻይናው እንደዚያ አይደለም። ቡድኑ ውስጥ ያለ አንድ ሰው እንደጻፈው ያኔ ፊልም ሠሪዎቹ በረዶና አሮጌ ገዳም ሲፈልጉ ኮሪያ ይሄዱ ነበር።

ቢሻው ደስ ሲለው የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክንዱ ይሰበስባል። ይሄን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

አባዬ አዲስ ጥያቄ አመጣ። «ታይላንድ የተቀረጸስ የለም?» አለ። ፈላልጌ አገኘሁለት። ፊልሙን አልተከተለም፤ ሰዎቹ ሲደባደቡ «አሳልፊው» ይለኛል፤ ሜዳና ወንዝ ሲመጣ «አቁሚልኝ»። አንዱን ወንዝ ለረጅም ጊዜ አየው። «ከማዶው ምንድን ነው ያለው?» አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ?

ታኅሣሥ 11

የሚያስቅ ነገር። ሰብሃት ምሳ እየበላን ደወለ። እያወራን ነፋስ ከኋላው ያለውን መጋረጃ ገለጠው፤ መስኮት፣ ሰፊ ሜዳ፣ ከሜዳው ላይ ብቻውን የበቀለ ተራራ! ልክ እንደ ፊልሞቹ፤ ጎኑ ገደል፣ አናቱ ዛፍ፣ ትከሻው ላይ ነጭ ሹል ነገር። ሳላስበው ስክሪንሾት አደረግኩት። ከጀርባው ያለ እጅ መጋረጃውን መለሰው።

የሰብሃትን ፊት ቆርጬ አውጥቼ መስኮቱን ብቻ ቡድኑ ላይ ለጠፍኩት። «ይሄ ከየትኛው ፊልም ነው?» ብዬ። እስቲ የታይላንድን ተራራ ማን እንደሚያውቅ እናያለን።

ታኅሣሥ 12

መልሶች። ብዙዎቹ «ደቡብ ቻይና» አሉ፤ እንደዚያ ያለ የኖራ ድንጋይ ተራራ እዚያ አለ። ሁለት ሰዎች «ቬትናም» አሉ። ሰሜን ታይላንድ የሚኖር አንድ ጡረተኛ ሆላንዳዊ ግን ይሄን ጻፈ፦ «ተራራውን አውቀዋለሁ። ትከሻው ላይ ያለው የቡድሃ ሃይማኖት መቅደስ ነው። ተራራው ታይላንድ ድንበር ላይ ነው፤ ፎቶው የተነሳው ግን ከታይላንድ አይመስለኝም። ይሄ ፊልም አይደለም። ፎቶውን ማን አነሳው?»

አልመለስኩለትም። ምናልባት ለሥልጠና ወስደዋቸው ይሆናል። መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያደርጋሉ።

ታኅሣሥ 14

ምስሉን ከቡድኑ አጠፋሁ። ስልኬ ላይ ግን አለ። ባንኮክን ፈልጌ አየሁ፤ ሜዳ ነው፤ ተራራ የለም። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው። ለሌባ ነው፤ እኛም ቤት አለ።

የእኛ ቤት ምድር ላይ ነው። እሱ ያለበት ግን አራተኛ ወይም አምስተኛ ፎቅ ይሆናል፤ ዛፎቹ ከታች ነው የሚታዩት።

ታኅሣሥ 18

ምነው አፌን በቆረጠው። ሰብሃት ሲደውል ገና ሰላም ተባብለን ሳንጨርስ፣ «ከመስኮትህ የሚታየው ተራራ ስሙ ማን ነው?» አልኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። «የምን ተራራ?» አለ። ከዚያ ጮክ ብሎ፣ ለሌላ ሰው እንደሚናገር ሁሉ፣ «ተራራ የለም» አለ። ተቋረጠ።

ጥያቄ ካላበዛሁ አይሆንልኝም። እናቴ በሕይወት ሳለች «ይቺ ልጅ መልሱን ስታገኝ ምን ልትሠራበት ነው?» ትለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 29

ገና። አልደወለም። አባዬ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ዋለ። ቢሻውም ለበዓሉ ብቅ አላለም፤ ፈተና እያረምኩ ነው ብሎ ጻፈ። በገና ቀን!

ጥር 7

ጠዋት በሚኒባስ ዋጫ ሄድኩ። የቢሻውን ትምህርት ቤት አጥር ተደግፌ ጠበቅኩት። ሲያየኝ ሰላም እንኳ ሳይለኝ፣ «ሰብሃት ምን ሆነ?» አለ።

«አንድ ነገር ሆነ ብዬሃለሁ?»

የያዘውን ደብተር ወደ ሌላኛው እጁ አዛወረ።

«ቢሻው፣ ምን ታውቃለህ?»

«ከጥቅምት ጀምሮ አውቃለሁ» አለ። «ባንኮክ ሲደርሱ የተቀበሏቸው ሰዎች በመኪና ሲነዱ ውለው ወንዝ አሻግረው ጎረቤት አገር በርማ አስገቧቸው። ፓስፖርታቸውን ወሰዱ። ኮምፒውተር ላይ አስቀምጠው በሐሰት ስም የውጭ አገር ሰው ያስጭበረብሯቸዋል። እምቢ ያለ ይመታል። አንዴ ተደብቆ ጻፈልኝ። የአባቴ ልብ አይችለውም፣ እንዳትነግራት ብሎ አስማለኝ።»

«የእኔስ ልብ?»

«ሊና...»

«በየሳምንቱ እቤቴ ተቀምጠህ የፊልም ተራራ ስትገምት!»

እስከ መናኸሪያ ከኋላ ከኋላዬ መጣ። ዝናብ ጀመረ። ጃንጥላውን ዘረጋልኝ። አልገባሁለትም፤ እሱም ብቻውን ሊጠለልበት አልፈለገም። ሁለታችንም በስብሰን ሚኒባሱ ጋ ደረስን።

ጥር 8

ለአባዬ እንዴት እንደምነግረው ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። ወደ ቤት ስገባ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። አጠገቡ እንድቀመጥ ወንበሩን መታ መታ አደረገ።

«ዋጫ ሄደሽ ነበር አሉ።»

«አዎ።»

«ነገረሽ?»

«አባዬ፣ ታውቅ ነበር?»

«ቢሻው አልነገረኝም። ግን የገዛ ልጄ እያወራኝ ወደ ጎን ሲያይ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም? ባንኮክ ደግሞ ተራራ እንደሌለ የጎረቤት ልጅ ካርታ ላይ አሳይቶኛል። ያን ቀን መስኮቱን እኔም አይቻለሁ እኮ። አንቺ እስክትነግሪኝ ስጠብቅ፣ አንቺ ደግሞ እኔን ስትጠብቂ...» አልጨረሰውም።

መድኃኒቱን ሰጠሁት። ውሃውን ጠጥቶ ብርጭቆውን መለሰልኝና፣ «ፎቶውን አላጠፋሽውም አይደል?» አለ።

ቢሻውና ሆላንዳዊው ያሉትን ነግሬው ቴሌቪዥኑ ላይ አወጣሁለት። እንደ ፊልሞቹ ሁሉ በከዘራው እየጠቆመ ይጠይቀኝ ጀመር። «ሲደውል ምሳ እየበላን ነበር። እዚያ ሰዓቱ ከእኛ ይቀድማል፤ ስለዚህ ፀሐይዋ አዘንብላለች። አሁን ተራራውን እዪው። ወደ እኛ ያለው ገጹ በርቷል። ፀሐይዋ ከካሜራው ጀርባ ነች ማለት ነው። ምዕራብ ከጀርባው ከሆነ፣ ተራራው በምሥራቅ ነው።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ ልጄ ከተራራው ምዕራብ ነው። እነሱ ታይላንድ ነህ ያሉት፣ ታይላንድን በመስኮት ያያል።»

አባዬ በሕይወቱ እንደዚህ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም።

ጥር 12

ለሆላንዳዊው ሁሉን ጻፍኩለት። ወንድሜ ነው አልኩት። መልሱ አጭር ነበር፤ «ነገ በመኪና እሄዳለሁ።»

ጥር 14

ሄዷል! ፊቱን አይቼው የማላውቀው ሰው፣ ለእኔ ብሎ። ተራራውን ከታይላንድ በኩል አንስቶ ላከልን። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አደረግኩ። በእኛው ላይ መቅደሱ በግራ ትከሻ ነው፤ በእሱ ላይ በቀኝ። አንዱ ፊቱ፣ ሌላው ጀርባው። አባዬ ትክክል ነበር።

ቢሻው ሳልጠራው መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «ልግባ?» አለ። አባዬ «ግባና ካርታውን አንብብልን» አለው። ከተራራው አናት ወደ ምዕራብ መስመር አሰመረ። መስመሩ ወንዙን ይሻገርና ከሳተላይት በታየው አዲስ መንደር ላይ ያርፋል፤ ጣሪያቸው ሰማያዊ የሆነ ረጃጅም ሕንጻዎች፣ ዙሪያውን አጥር። በሰብሃት መስኮት ጥግ ላይ የሚታየው የውሃ ታንከር ካርታውም ላይ አለ። በጣቴ ነካሁት። ልቤ እንዴት እንደመታ! ባገኘነው ደስ ብሎኝ ነበር፤ ያገኘነው ምን እንደሆነ ሳስታውስ አፈርኩ።

ጥር 15

አዲስ አበባ እንዲህ የተያዙ ልጆችን ስም የሚሰበስቡ ቤተሰቦች አሉ። ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ድምፅዋ ደክሟል። ቦታውን ስነግራት፣ «በምን አወቃችሁ?» አለች።

«በተራራው።»

«በምን?»

ደግሜ ነገርኳት። ካርታውንና ሁለቱን ምስሎች ላኪልኝ አለች። የሰብሃትን ስም ፊደል በፊደል አስጠራችኝ።

ጥር 26

ምንም የለም።

አንድ ጎረምሳ ለፓስፖርት ፎቶ መጣ። ወዴት ነው አልኩት። «ታይላንድ። የኮምፒውተር ሥራ።» ካሜራውን አስቀምጬ አጠገቤ አስቀመጥኩትና የመስኮቱን ፎቶ አሳየሁት። ሁሉን ሰማኝ። «የእኔዎቹ ግን እንደዚያ አይደሉም፤ አምናቸዋለሁ» አለ። አላነሳህም አልኩት። ወጥቶ መንገድ ማዶ ያለው ፎቶ ቤት ገባ። በመስታወቱ ውስጥ ቀና ሲል አየሁት።

የካቲት 8

ዜናው በርማ ውስጥ ወታደሮች ሰው የሚታገትባቸውን አንዳንድ ግቢዎች ከፍተው ሰው በገፍ ወንዙን እየተሻገረ ነው አለ። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ፤ ሜዳ ላይ የተቀመጡ ወንዶች፣ ረድፍ በረድፍ። አባዬ አፍንጫው ቴሌቪዥኑን እስኪነካ ተጠግቶ ፊት በፊት ያያቸዋል። እኔም፣ ቢሻውም። ከኋላቸው ምን እንዳለ ዛሬ ያየ የለም።

የካቲት 17

ደወለ። ደወለ። የማያውቀው ሰው ስልክ ነው። «ወጣሁ፤ ተሻገርኩ» አለ። ወደ ጎን አላየም። አባዬ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ «በላህ?» አለው። ሰብሃት «በላሁ» አለ። አባዬ ስልኩን ሰጠኝ።

ቢሻው ጓሮ ወጥቶ አለቀሰ። ተከትዬ ወጣሁ። አጠገቡ ቆምኩ።

መጋቢት 13

ሰብሃት ቤት ገብቷል። ቢሻውና እኔ ከአዲስ አበባ አመጣነው። አውሮፕላን ማረፊያ ሁለቱ ሲገናኙ ሰብሃት፣ «ነገርካት አይደል?» አለው። «ነገርኳት።» «ደግ አደረግህ» አለና አቀፈው።

በእኛ ካርታ ይውጣ በሌላ ምክንያት አላውቅም። አዲስ አበባ ያለችዋን ሴት ጠየቅኳት፤ እሷም አታውቅም። ስሙ ዝርዝሩ ላይ ነበር አለች፤ ያልወጡ ብዙ ሰዎች ስምም ነበር።

ጀርባው ላይ ምልክት አለ። አልጠየቅኩም። ለመጀመሪያ ጊዜ አልጠየቅኩም።

መጋቢት 19

ሰብሃት አይናገርም። ይበላል፣ ይተኛል፣ አባዬን አንገቱ ሥር ይስመዋል። ዛሬ ግን እንጨት እየፈለጠ ድንገት መጥረቢያውን አቆመና፣ «ሊና፣ ጉግሳ የሚባል ልጅ ነበር» አለኝ። ከቢታ ገነት ነው። አልጋቸው ጎን ለጎን ነበር። ወታደሮቹ ከመምጣታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ጠባቂዎቹ ጉግሳን ከሌሎች ጋር ወደ ሌላ ግቢ ወሰዱት። ያ ግቢ አልተከፈተም። «እናቱ ኮሪያ ፋብሪካ ውስጥ ያለ ይመስላቸዋል» አለ።

«ማን ይንገራቸው?»

መጥረቢያውን አየው። «እኔ እሄዳለሁ። ብቻዬን ግን አልችልም።»

መጋቢት 22

ቢታ ገነት ሄደን ተመለስን። ደክሞኛል፤ ግን ሳልጽፈው አላድርም።

ቢሻው ከዋጫ ተቀላቀለንና ሦስት ሆነን ሄድን። የጉግሳ እናት እትዬ ትርንጎ ገበያ አጠገብ ጨርቅ ይሸጣሉ። ልጅዎን የሚያውቅ ሰው ነው ብዬ ሰብሃትን ሳሳያቸው ወደ ጓዳ አስገቡንና በሩን ዘጉ። ሰብሃት አልተቀመጠም። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው።

«እትዬ፣ ጉግሳ ኮሪያ አይደለም» አለ።

እሳቸው በእጃቸው የያዙትን ጨርቅ ማጠፍ ቀጠሉ።

«በርማ የሚባል አገር ነው። አስገድደው ነው የያዙት። በሕይወት አለ፤ ሲወስዱት በእግሩ ሲሄድ አይቻለሁ። እኔ ወጣሁ፤ እሱ አልወጣም። ይቅር ይበሉኝ።»

«አንተ ነህ ያሰርከው?» አሉ እትዬ ትርንጎ።

«አይደለሁም።»

«እንግዲያውስ ይቅርታህን ተወው።» ጨርቁን አስቀመጡ። አጎንብሰው እጥፋቱን በመዳፋቸው አስተካከሉት። እኔ መናገር ፈለግኩ፤ ስለ አዲስ አበባዋ ሴት፣ ስለ ዝርዝሩ፤ ቢሻው ክንዴን ያዝ አደረገኝ።

ከዚያ ቀና አሉና ሰብሃትን፣ «ያለበትን ቤት አይተኸዋል?» አሉት።

«ከውጭ አይቻለሁ። ከእኛ ግቢ ይታያል።»

«ምን ይታየዋል? ከተቀመጠበት ሆኖ ምን ያያል?»

ከመጣ ጀምሮ ስለዚያ ቦታ ብዙ ያልተናገረው ወንድሜ መናገር ጀመረ። በስተቀኝ የሸንኮራ እርሻ አለ። ወንዙ ጠባብ ነው፤ ክረምት ሲሆን ይደፈርሳል። ማዶ ላሞች አሉ፤ የእኛን አይመስሉም፣ ነጫጭ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ጭስ የመሰለ ጉም አለ፣ ሲገለጥ ተራራ ይታያል። አንድ ሰው ከማዶ በየቀኑ በሞተር ሳይክል ያልፋል፤ አብረን ሳለን ጉግሳ ስም አውጥቶለት ነበር፣ ሲያልፍ ይስቅ ነበር። እትዬ ትርንጎ «ማን ብሎ?» አሉ። ሰብሃት ነገራቸው። ስሙ የሰፈራቸው ባጃጅ ነጂ ስም ነው። እሳቸውም ሳቅ ብለው ወዲያው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«በየት በኩል ነው አገሩ?» አሉ።

ሰብሃት በሩን ከፍቶ ወጣ። ፀሐይዋን ፈለገ፤ ከዚያ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ በእጁ አሳያቸው። እትዬ ትርንጎ በርጩማቸውን ይዘው ወጥተው ፊታቸውን ወደዚያ አዙረው ተቀመጡ። አጠገባቸው ለእሱም ቦታ አደረጉለት።

«በል አሁን ከመጀመሪያው ንገረኝ» አሉት። «ምንም ሳታስቀር።»